አዋሽ፦ ባቡር ባቡርን ይጠብቅበት የነበረው ጣቢያ

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ከጅቡቲ የተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ሐዲዱ ግን ነጠላ ነበር። ወጪና ወራጅ ባቡሮች የሚተላለፉት እንደ አዋሽ ባሉ ጣቢያዎች ብቻ ነበር፤ ከዋናው ተገንጥሎ መልሶ በሚገናኘው ሁለተኛ ሐዲድ ላይ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ የምንላት ከተማ ያደገችው በዚሁ ጣቢያ ዙሪያ ነው፤ የሚጠብቅ መንገደኛ ይራባል፣ ይጠማል፣ ማደሪያም ይሻልና። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ በ2008 ገደማ ተቋረጠ። በ2016 አዲሱ መስመር ሲመረቅ ጭብጨባውን ሰምተናል፤ መሠራቱንም አንነቅፍም። የምንጠይቀው፣ በአሮጌው ባቡር መምጣትና መሄድ ይተዳደር የነበረው ነዋሪ ያጣውን እንጀራ ማን ቆጠረለት? ነው።