የተራራና የፏፏቴ ፎቶግራፍ በጉና ዙሪያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተራራ፣ ገደልና ፏፏቴ ፎቶግራፍ ለማንሳት ከካሜራው ይልቅ ወቅቱ ይወስናል። አካባቢው በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ ትከሻ ተነስቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። ጉና ቁመቱ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ተራራ ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ የሚጠበቀው በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ነው። ከተራራው የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ጉና ላይ ከዘነበው ዝናብ ከፊሉ ጣናን አቋርጦ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ስለሚወድቅ፣ ይህን አገር በወጉ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ፏፏቴውንም ቢጨምር ሥራው ይሟላለታል።

የአካባቢው ገደል በደረጃ የተደራረበ ጥቁር ባዛልት ነው። ጠንካራው ንጣፍ ሲጸና ከሥሩ ያለው ልል ንጣፍ ይበላል፤ ጅረቱም ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተወረወረ ይወርዳል። ከእነዚህ ፏፏቴዎች ብዙዎቹ የክረምት ናቸው። በሐምሌ ውኃው ሞልቶ ሳለ ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ በጥር ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውኃው የለም። ሁለቱ የሚገናኙት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ነው፤ በዚያ ላይ አደይ አበባው ይፈነዳል፣ የገብሱ ማሳም ገና አረንጓዴ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የሚችል ሰው መስከረምን ይምረጥ። መጋቢትና ሚያዝያ ግን አቧራውና የቃጠሎው ጭስ የሩቁን ተራራ ስለሚያደበዝዙት ለሰፊ እይታ አይመቹም።

አገሩ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትጠልቃለች። ለስላሳው ብርሃን ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 16 ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትውላለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይሰበሰባል፣ ገደልም ጥልቀቱን ያጣል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ አፋፉ ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ዳርቻ ወደ በሽሎ የሚመለከት ሰው ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት፤ ያን ጊዜ የሸለቆው ጉምና አንዱ ከሌላው ጀርባ የሚደራረበው ሸንተረር ይነሳል። ከበሽሎ ማዶ ያለውን የወሎን ገደል ዝርዝር የሚፈልግ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይመለስ።

በጥቁር ዓለት ላይ የሚወርድ ነጭ ውኃ ካሜራን ያሳስታል። መሣሪያው ዓለቱን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ውኃው እንደ ወረቀት ነጥቶ ይቀራል። መጋለጡን በአንድ ደረጃ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጉም ሲሞላ ግን ተቃራኒው ይደረጋል፤ ካልተጨመረለት ጉሙ ግራጫ ይሆናል። ቀጭን ጅረት ካሜራው በትራይፖድ ላይ ተተክሎ ከሩብ እስከ አንድ ሴኮንድ በሚደርስ ፍጥነት ሲነሳ እንደ ሐር ይወርዳል፤ ብርሃኑ ከበዛ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። ለጢስ ዓባይ ግን ይህን ዘዴ አልመክርም። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በክረምት ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፣ ውኃውም ደፍርሶ ቡናማ ይሆናል። ረጅም ጊዜ የተጋለጠ እንደሆነ ጭቃ ይመስላል፤ በ1/500 ሴኮንድ ሲያዝ ግን ክብደቱና ፍንጥርጣሪው ይታያል። ለቀስተ ደመና ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ያሻል፤ ፖላራይዘር ያለው ሰውም ፊልተሩን ቀስ እያለ ያዙር፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ከቆመ ቀስተ ደመናውን ያጠፋዋልና። በበጋ ደግሞ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ሊዞር ስለሚችል ከመሄድ በፊት ምን ያህል እንደሚወርድ ጠይቆ ማወቅ ይገባል።

ወደ ጉና የሚወጣ ሰው ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በደብረ ታቦር አልፎ ክምር ድንጋይ አካባቢ ይደርሳል። ላይኛው ክፍል የጓሳ፣ የአስታና የጅብራ አገር ነው። ጅብራ ለፎቶግራፍ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ከፊት ሲቆም የተራራውን ስፋት ያስለካል። ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ከትራይፖዱ ሥር ድንጋይ የሞላበት ከረጢት ይንጠልጠል። ብርዱ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ መለዋወጫውን ከደረት ኪስ መያዝ ይረዳል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ቢቆይ ሌንሱ ላይ ጤዛ አይዝም።

ገበሬን በማሳው፣ እረኛን ከከብቱ ጋር ከማንሳት በፊት ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ ግድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ፈቃዱ የአለቃው ነው። በጋይንት የድጓ ምስክር ቤት በሆነችው ቤተ ልሔም፣ ክብ ሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የቆየውን የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ተጓዥ በ1955 እ.ኤ.አ. አይቶ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። እንዲህ ባለ ሥፍራ ፍላሽ ማብራት አይገባም። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነሳም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅም ይቀድማል።

ከምስሉ ጋር ቀበሌው፣ የቆሙበት ነጥብ፣ አቅጣጫውና ቀኑ ይጻፍ። የዚህ ጥቅም በምሳሌ ይታያል፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመታት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያው ነጥቦች ላይ ቆመው ደግመው አንስተው፣ የመሬቱንና የዛፉን ለውጥ ማነጻጸር ችለዋል። ጉና ላይ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ አስታውም እየሳሳ ስለሆነ፣ ዛሬ በትክክል የተመዘገበ ምስል ለነገ አጥኚ እንዲሁ ያገለግላል።