የወናነት አንቀጽ፦ ለእድሳት የተለቀቀ ቤትና ኢንሹራንሱ

ጎጃም ውስጥ፣ ጅጋ ላይ ቤት የሚታደሰው በበጋ ነው። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ አሮጌው ቆርቆሮ ይወርዳል፣ የበሰበሰው የባሕር ዛፍ ማገር ይለወጣል፣ ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ግድግዳው እንደገና ይመረጋል። ምርጊቱ እስኪደርቅ ቤተሰቡ ዘመድ ቤት ይሰነብታል። ከእቃው ግማሹ ጎረቤት ይቀመጣል፣ ግማሹ ጓዳ ውስጥ ይቆለፍበታል። አዲሱ ቆርቆሮ እንዳይሰረቅም አንድ ጎረምሳ እዚያው ያድራል።

በኢንሹራንስ ዓይን የዚህ ልጅ እዚያ ማደር ቀላል ነገር አይደለም። በውጭ አገር የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ውስጥ «ቬከንሲ ክሎዝ» የሚባል አንቀጽ አለ። ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ባዶ ከቆየ ኩባንያው የትኛውን ጉዳት እንደማይክስ የሚናገር ነው። በአማርኛ «የወናነት አንቀጽ» ቢባል ይስማማዋል፤ ሰውም እቃም የሌለበት ቤት ወና ነውና። ሰው ወጥቶ እቃው የቀረበት ቤት ግን ገና ወና አይባልም፣ «ነዋሪው የወጣበት» ነው። ብዙ ውሎች ሁለቱን ለይተው ያያሉ፤ ካሳ የሚከፈለውም የሚከለከለውም አንዳንዴ በዚህ ልዩነት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አረቦኑ የተሰላው ሰው ለሚኖርበት ቤት ነው። ሰው ካለ ጭሱ ይሸታል፣ የፈነዳው ቧንቧ ይዘጋል፣ ሌባም ይፈራል። እድሳት ሲጨመርበት ደግሞ ብየዳ አለ፣ በጊዜያዊነት የተጎተተ የመብራት ሽቦ አለ፣ ጣሪያው ክፍት ነው፣ የሚገባ የሚወጣው ሠራተኛም ብዙ ነው።

በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት «ኤችኦ-3» የተባለው ውል በተለመደው ቅጂው፣ ቤቱ ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ወና ከቆየ ሆን ተብሎ ለደረሰ ውድመትና ለመስታወት ስብራት አይክስም። በግንባታ ላይ ያለ ቤት ወና እንደማይባልም ይገልጻል። እድሳት ግንባታ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል። እየተሠራ ካለ ቤት የተሰረቀ የግንባታ እቃም፣ ሥራው አልቆ ሰው እስኪገባበት ድረስ አይካስም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ኢትዮጵያውያንን ይህ በቀጥታ ይነካቸዋል።

አገር ቤትስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል፣ ሌሎች ክፍሎቹ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ቢተኩም፣ ከዚያም በኋላ ሥራ ላይ ቆይቷል። ይህ ሕግ ውል ከተፈረመ በኋላ አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣ ለኢንሹራንስ ሰጪው እንዲነገር ያስገድዳል። ቤቱን ለቆ ጣሪያ ማፍረስ እንዲህ ያለ ለውጥ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል።

በጅጋና በዙሪያዋ ገጠር አብዛኛው ሰው ለቤቱ ኢንሹራንስ አልገባም፤ ቤት ሲቃጠል የሚደርሰው ዘመድና ጎረቤት ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የተበደረ ሰው ጉዳይ ግን ይለያል። ባንኮች ለብድር የተያዘ ቤት ኢንሹራንስ እንዲገባለት ይጠይቃሉ። ቤቱ በእድሳት ላይ ሳለ ተቃጥሎ ካሳው ቢከለከል ቤቱ ይጠፋል፣ ዕዳው ግን ይቀራል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው።

ለትልቅ እድሳት «ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ» የተባለ ዋስትና ኢትዮጵያ ውስጥም ይሸጣል። በመሠራት ላይ ያለውን ሥራና ለሥራው የቀረበውን እቃ ይሸፍናል፤ ነባሩ ቤትና የቤት እቃው ግን በነባሩ ውል መሸፈን አለባቸው።

ስለዚህ ቤቱን ሊያድስ ያሰበ ሰው ቆርቆሮው ከመውረዱ በፊት ውሉን አውጥቶ ያንብብ። የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ቀን፣ ሥራውን የሚሠራውን ሰው፣ ማታ ቤቱ የሚያድረውን ጠባቂ ጠቅሶ ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቅ። ተጨማሪ አረቦን ቢጠየቅ ይክፈል፤ የኩባንያውንም መልስ በቃል ሳይሆን በማኅተም ይቀበል።