የማር ሽንት

በማርና በቡና ኢሉባቦር አይታማም። ጋሼ ግን ማሩን ከተዉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጎሬ ላይ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አለብዎት ከተባሉ ጀምሮ ሜትፎርሚናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ ጣታቸውን እየወጉ የተለካውን በደብተር ይጽፋሉ። በስልክ ስንገናኝ «ስኳሬ ልኩ ላይ ነው» ይሉኛል። እውነትም ልኩ ላይ ነበር። አንድ ቀን እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ አለ።

አዲስ አበባ መጥተው ሲመረመሩ ኩላሊታቸው ሥራ ሊያቆም ጥቂት ቀርቶታል። ሐኪሙ «በእነዚህ ዓመታት ሽንትዎ ለፕሮቲን ታይቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ግድግዳው። አንድም ቀን አልታየም።

ነገሩ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። የጥንት የህንድ ሐኪሞች ጉንዳን የሚሰበሰብበትን ሽንት አይተው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለውታል። (ከዚህ በታች ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።) በ1827 ሪቻርድ ብራይት የተባለ የለንደን ሐኪም ሰውነታቸው ያበጠ ሰዎችን ሽንት በማንኪያ አድርጎ ሻማ ላይ ቢያሞቀው እንደ እንቁላል ነጩ ረጋ። ኩላሊት ማስቀረት የሚገባውን ፕሮቲን እያፈሰሰ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ማንኪያና ሻማ ነው! የዛሬው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ከዚያም ይቀላል።

1936ን የጎሬ ሰው አይረሳውም። አዲስ አበባ በፋሺስት ስትያዝ የተረፈው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ ያደረገበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ ኪመልስቲልና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሟቾችን ኩላሊት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ማጣሪያዎቹ ውስጥ ጓል ጓል የሚመስል ነገር አገኙ። አብዛኞቹ ሟቾች ስኳር ነበረባቸው። ስኳር ኩላሊትን እንዴት እንደሚበላው ያኔ በዓይን ታየ። ክፋቱ ሳያሳምም መብላቱ ነው፤ እግር ከማበጡ ከብዙ ዓመት በፊት ማጣሪያው አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ማፍሰስ ይጀምራል። ያንን የሚናገረው ሽንት ብቻ ነው።

ማሽኑ በኋላ መጣ። በ1960 ሲያትል ላይ ስክሪብነር የተባለ ሐኪም ኩላሊቱ የሞተበትን ሰው በእጥበት ማኖር የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የጀመረው በ2015 ነው። ለጋሼ በሳምንት ሦስት እጥበት ታዘዘላቸው፤ ቤተሰቡ የቻለው ሁለት ነበር። ለእሱም የቡና መሬታቸው ተሸጦ፣ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ የሰው ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው። «መንግሥትም አንድ ጊዜ ጎሬ መጥቶ ነበር፤ አሁን እኔ ብድሬን ልመልስ መጣሁ» እያሉ ያስቁን ነበር።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ማሽኑ አይደለም፤ ኪኒኑ ነው። ከብራዚል እባብ መርዝ ጥናት የተገኘው ካፕቶፕሪል የአንደኛውን ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች ኩላሊት እንደሚያዘገይላቸው በ1993 ተረጋገጠ። በ2001 ደግሞ ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን ለጋሼ ዓይነቱ ሕመም እንደሚሠሩ ታየ። የካፕቶፕሪል ዘመድ ኢናላፕሪል በአገራችን ፋርማሲ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ደምን አልፎ አልፎ ማስመርመር ይጠይቃል እንጂ ብርቅ አይደለም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና የሚቀጥለው በጣም ይገርመኛል። በ1835 ከአፕል ዛፍ ሥር ልጣጭ ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር ወጣ፤ የወሰደው ሰው ሽንት ስኳር ይሆናል። ከዚያ ሐሳብ የተነሱት አዲሶቹ ኪኒኖች ስኳሩን ሆን ብለው በሽንት ያስወጣሉ። በ2019 ከ4,400 በሚበልጡ፣ ስኳርም የኩላሊት ሕመምም ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ካናግሊፍሎዚን የኩላሊት መድከምንና ተያያዥ ሞትን በ30 በመቶ ቀነሰ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የጥንቶቹ የደነገጡበት የማር ሽንት መድኃኒት ሆኖ አረፈው!

ታዲያ ከዝርዝሩ እስከ ሁሩሙ፣ እስከ ያዮ፣ እስከ ቡሬ ስንት ዓመት ይፈጃል? አይቻልም የሚለኝን አልሰማም። ነርሶችን አሠልጥኖ የስኳር ክትትልን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ በጎንደርም በጎረቤታችን በጅማም ተሞክሮ ሠርቷል። ስኳር ያለባችሁ የመቱና የጎሬ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሽንቴ ለፕሮቲን፣ ደሜ ለክሪያቲኒን፣ ግፊቴም ይታይልኝ በሉ። በየዓመቱም በሉ። ለወገብ ሕመም እየተባለ በየጊዜው የሚወጋውን ዳይክሎፌናክም ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት።

ጋሼ በማሽን የኖሩት አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። ደብተራቸው አሁን እኔ ጋ ነው። በመምህር እጅ በቀጥታ የተሰመሩ ሦስት ዓምዶች አሉት፦ ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ።