ደጀን የሌለው ቡድን

ክረምት ገብቶ የተጫዋቾች ዝውውር ሲጧጧፍ የስፖርት ገጾቻችን የማያጡት አንድ ዜና አለ፤ «እገሌ ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመለሰ» የሚል። ደጋፊው ደስ ይለዋል። ደስ ቢለውም አይፈረድበትም። እኛ የሄደ ሰው ሲመለስ እንወዳለን። ስደተኛ ሲገባ፣ የኮበለለ ልጅ ብቅ ሲል፣ የጠፋ በሬ ሲገኝ እልል እንላለን። የተመለሰው ደግሞ ግብ አግቢ ከሆነ በቃ፣ ነገሩ ሠርግና ምላሽ ነው።

እኔን ግን ይህን ዜና ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያስቸግረኛል። ለመሆኑ ሰውየው ከሄደ ጀምሮ ክለቡ ምን ሲሠራ ከረመ? ሦስትና አራት ዓመት እኮ ቀላል ጊዜ አይደለም። እሱ ሲሄድ 16 ዓመቱ የነበረ የታዳጊ ቡድን ልጅ እሱ ሲመለስ 20 ሞልቶታል። ያ ልጅ የት ገባ? ቦታው እስከ ዛሬ ክፍት ሆኖ የቆየው ለቀድሞው ሰው ክብር ነው ወይስ የሚሞላው ጠፍቶ?

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ይህን ጉዳይ «የስብስብ ጥልቀት» ይሉታል። ቃሉ አይከፋም፤ ከፈረንጅ አፍ የተቀዳ መሆኑ ግን ያስታውቃል። አባቶቻችን ለዚሁ ነገር ከጦር ሜዳ የወጣ የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ደጀን። የጥንቱ ሠራዊት ሲሰለፍ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይሆናል። ዛሬ በመቃብር ድንጋይ ላይ የምናነባቸው ማዕረጎች መነሻቸው የአሰላለፍ ስም ነው። ከነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ደጀን አለ። ስንቅ ያቀብላል፣ የቆሰለ ያነሳል፣ የፊተኛው ሲሳሳ ይተካል። ደጀን የሌለው ጦር የመጀመሪያውን ቀን ውጊያ ሊያሸንፍ ይችል ይሆናል። በማግሥቱ ግን ማንን ይዞ ይወጣል?

እስቲ ሁሉም ከሚያውቀው እንነሳ። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ የእንግሊዝን ሊግ የማይከታተል ጎረምሳ ማግኘት ይቸግራል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሲመለስ ከተማው ሁሉ የተሞሸረ ነበር የሚመስለው። ሰውየው ድርሻውን አላጓደለም፤ በሊጉ ብቻ 18 ግቦች አገባ። ቡድኑስ? በቀደመው ዓመት ሁለተኛ የነበረው ክለብ በዚያ ዓመት ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ግቡ አለ፤ ቡድኑ የለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የዲላው ልጅ ጌታነህ ከበደ በ2005 ዓ.ም. ደደቢት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ ለቢድቬስት ዊትስ ፈረመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ደደቢት ተመለሰና በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 25 ግቦች አስቆጥሮ በድጋሚ የሁሉም የበላይ ሆነ። የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደው ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ደደቢት ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ክለብ የሚወርደው በአንድ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ገንዘብም አለ፣ አስተዳደርም አለ። የሆነ ሆኖ አንድ ሰው 25 ግብ ስላገባ ክለብ እንደማይድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ የቀድሞ ተጫዋች መመለስ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። የካሜሩኑን ሮዤ ሚላ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን ላይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ የ38 ዓመት ሰው ነበር። ከብሔራዊ ቡድን ተሰናብቶ ሬዩንዮን ደሴት ላይ ኳስ እያንከባለለ ሳለ በፕሬዚዳንቱ በፖል ቢያ ጥያቄ ተመልሶ ተጠራ። ተቀይሮ እየገባ አራት ግቦች አስቆጠረ፤ ካሜሩንም ሩብ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሀገር ሆነች። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳንረሳ። በመክፈቻው ጨዋታ ካሜሩን ሁለት ተጫዋቾቿ በቀይ ካርድ ወጥተውባት በዘጠኝ ሰው የዓለም ሻምፒዮኗን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ያሸነፈችው ኦማም ቢይክ ባገባት ግብ ነው። ሚላ የተመለሰው እሱ ባይኖርም መቆም ወደሚችል ቡድን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አሜሪካ ላይ ያው ሚላ በ42 ዓመቱ ሩሲያ ላይ ግብ አገባ፤ ካሜሩን ግን 6 ለ 1 ተሸነፈች። ሰውየው አንድ ነው፤ ከኋላው የነበረው ደጀን ግን አንድ አልነበረም።

የእኛን ታሪክ በዚህ ዓይን ማንበብ የሚገባን ይመስለኛል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በተጨማሪው ሰዓት ያገቡት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ይህን ማንም ያወራዋል። የማይወራው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ ይኸው ግብፅ 4 ለ 0 አሸንፎን ነበር። በመካከሉ ምን ተገኘ?

ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ኳስ የአንድ ከተማ ኳስ አልነበረም። ሐማሴን ከሰሜን ይመጣል፤ የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ከምሥራቅ ይመጣል፤ መቻልና ቅዱስ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ላይ ይጠብቋቸዋል። የቫሳሎ ወንድማማቾች የአሥመራ ልጆች ናቸው፤ መንግሥቱ ወርቁ የተወለደው ጎንደር ነው። በዚያ ዘመን ተጫዋች መቀየር እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም፤ የዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ስለዚህ የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን ደጀን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ አልነበረም። ደጀኑ ከተሞቹ ነበሩ፤ የፋብሪካው ግቢ፣ የጦር ሰፈሩ፣ የሰፈር ሜዳው።

ከዚያ ወዲህ ያ ደጀን እየሳሳ ሄደ። ሉቺያኖ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሀገሩን ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም እዚያው አረፈ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ሀገር ሆነች፤ የአሥመራ ክለቦችም ከእኛ ሊግ ታሪክ ወጡ። መንግሥቱ ወርቁ በአሰልጣኝነት ተመልሶ በ1974 ዓ.ም. ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ሄደ። ልብ በሉ፣ የመመለስ ደህናው ዓይነት ይህ ነው፤ የቀድሞው ተጫዋች በልጆቹ ቦታ ላይ አልተሰለፈም፤ ልጆቹን አሰለፈ። ከሊቢያ በኋላ ግን 31 ዓመት የአፍሪካን ዋንጫ ደጃፍ አላየነውም።

የተመለስንበት ቀን ራሱ ይገርማል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ከ1954ቱ ድል ልክ በ51ኛ ዓመቱ። ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት በረኛችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በአሥር ሰው ቀርተን፣ ያውም እየተመራን፣ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። አዲስ አበባ ያን ሌሊት አልተኛችም። ከዚያስ? ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0። በሦስት ጨዋታ ሦስቱም በረኞቻችን ተሰለፉ። ናይጄሪያ ላይ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ሲወጣ ቅያሪው አልቆ ስለነበር አንድ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ልጆቹ አልሰነፉም፤ ከፊት ያለው ሁሉ ታግሏል። ከኋላው ያለው ግን በመጀመሪያው ቀን አለቀ።

ደጀን ስል ደግሞ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ወረቀትም ደጀን ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ኋላ ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች መሰለፉ ታወቀና ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ሽንፈት አደረገው። ሁለት ድረስ የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ሦስት ነጥብ ሄደ! ደግነቱ ጳጉሜን ላይ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን መራን፤ በመጨረሻው ደርሶ መልስ ናይጄሪያ አስቀረችን እንጂ።

ሜዳም ደጀን ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። «በሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ካፍ ባሕር ዳር ስታዲየምን መሥፈርት አላሟላም ብሎ አግዶት ስለነበር ቡድናችን ሜዳ ፍለጋ ሀገር ለሀገር ይዞር ነበር። ከእንጅባራና ከዳንግላ በአውቶቡስ ሄደው ግብፅ ስትሸነፍ ሊያዩ ይችሉ የነበሩ ልጆች በቴሌቪዥን አዩት።

እንጅባራንና ዳንግላን ደጋግሜ የማነሳው በከንቱ አይደለም። አዊ ውስጥ ስለ ደጀን ማንንም ሊያስተምር የሚችል ማኅበር አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ሀገር በጠላት እጅ ሳለች ነው፤ በዓድዋ የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ። በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ዝነኛ ፈረሰኛ ዘንድሮ ቢቀር በዓሉ አይቀርም። አባት ሲደክም ልጅ ኮርቻውን ይረከባል፤ አባትየው ደግሞ ዳር ቆሞ አያያዙን ያርማል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ብሂል ከዚህ ሕዝብ በላይ ማን ያውቀዋል? ዝነኛ አጥቂም እንደዚያው ነው፤ ያደርሳል።

በኳሱ በኩል ግን የአዊ ልጅ ከኋላው ማን አለለት? ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ መንገዱ ቀርቦ ነበር፤ ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሐዋሳ እነአዳነንና እነሽመልስ በቀለን አውጥታለች፤ ዲላ ጌታነህን አውጥታለች። ይህ የተአምር ሥራ አይደለም። ልጅ በ12 ዓመቱ ሜዳ፣ በ14 ዓመቱ አሰልጣኝ፣ በ16 ዓመቱ ስሙ የተጻፈበት መዝገብ ማግኘት አለበት። መዝገቡን አትናቁት። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በክፍያ ወደ ውጭ ክለብ ሲዛወር የዝውውሩ ሒሳብ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የዳንግላ ልጅ ነገ ካይሮ ወይም ጆሃንስበርግ ቢፈርም የዳንግላ ድርሻ የሚታሰበው ልጁ በዳንግላ ክለብ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ብቻ ነው። ወረቀት ከሌለ ልጁም ገንዘቡም ይሄዳል።

ሜዳውስ? በየከተሞቻችን ባዶ መሬት የተገኘ እንደሆነ መጀመሪያ የሚታየን ችካልና ሜትር ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ይሰፍራል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ ይሸነሸናል። ተሸንሽኖ ካለቀ በኋላ ተተኪ ጠፋ ብለን እንሰበሰባለን፤ አበል ያለው ስብሰባ።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በሚቀጥለው ክረምት «ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመለሰ» የሚለው ዜና ሲመጣ እናንተም ደስ ይበላችሁ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ከደስታው ቀጥላችሁ ግን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ከእሱ ጀርባ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ማን ይባላል? የታዳጊ ቡድኑ ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር፣ የት ሜዳ ላይ ተጫወተ? የተመለሰውስ ሰው ጫማውን የሰቀለ ዕለት ክለቡ ልጆቹን እንዲያሠለጥን ውል አዘጋጅቶለታል? መልስ የሚሰጣችሁ የክለብ ኃላፊ ካገኛችሁ፣ ለዚያ ክለብ እኔም አብሬያችሁ አጨበጭባለሁ።