«ማፒንግ 8» ምን ማለት ነው?

ወደ ጣና ዳር የያዛችሁት ባጃጅ ሾፌር እየነዳ ሞባይሉ ላይ መልእክት ማንበብ ቢጀምር ዝም ትላላችሁ? እኔ አልልም! በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚበረው የሞቶ ጂፒ ሞተረኛ ግን ቡድኑ ዳሽቦርዱ ላይ ጽሑፍ ይልክለታል።

ክርክሩ የጦፈው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማሌዢያ፣ ሴፓንግ ላይ የዱካቲው ሆርሄ ሎሬንዞ እየመራ ሳለ «ማፒንግ 8» የሚል ምክር ዳሽቦርዱ ላይ ወጣ። ሲያዩት የሞተር ማስተካከያ ነው። ብዙዎች ግን «ዶቪዚዮሶን አሳልፈው» ብለው ፈቱት፤ ከማርክ ማርኬዝ ጋር ለዋንጫው የሚፎካከረው የቡድን ጓደኛው አንድሬአ ዶቪዚዮሶ ነበራ! ሎሬንዞ አንድ ኩርባ ላይ ሰፋ አድርጎ ወጣ፣ ዶቪዚዮሶ አልፎት አሸነፈ። ሎሬንዞ ግን መልእክቱን አላየሁም አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቫሌንሲያ ላይ ያው «8» ተመልሶ መጣ። ሎሬንዞ አላሳለፈም። ሁለቱም ወደቁ፣ ዋንጫው የማርኬዝ ሆነ።

ጓደኛን ማገዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር ዞር እያሉ፣ የተረከዝ ጅማቱን ታሞ የነበረውን ኃይሌን ጠበቁት። አልሆነም፤ ወርቅና ብሩን እነሱ ወሰዱ፣ ኃይሌ 5ኛ ወጣ። ያ መጠበቅ ግን በስታዲየሙ ሁሉ ፊት ነበር፣ የሚፈታ ቁጥር አልነበረውም።

ዳሽቦርዱ አደጋና ባንዲራ ይንገር፣ እሺ። «አሳልፈው» ለማለት ከሆነ ግን «አሳልፈው» ተብሎ ይጻፍ፤ ተመልካቹ ጠንቋይ አይደለም።