በእንቅልፍ የሚመጣ ሞት፦ የሚጥል በሽታና ያልተቆጠሩት ሟቾች

የሚጥል በሽታ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሕመም ነው። ሕመሙ የሚነሣው ከአንጎል ቢሆንም ለብዙ ዘመን የክፉ መንፈስ ሥራ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በመሆኑም ሕመምተኛው ጠበል ይወሰዳል፤ ክታብ ይታሰርለታል፤ ሲወድቅም ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። ለሀጩ ሕመሙን ያጋባል በሚል ፍርሃት ደግፎ የሚያነሣው ጥቂት ነው። ማታ በደህና ተኝቶ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ይቀበራል። የሞቱ ምክንያት አይጠየቅም፤ በመዝገብም አይሰፍርም።

በኢትዮጵያ ገጠር ይህን ዝምታ በቁጥር ከሰበሩት ሥራዎች ቀዳሚው በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ጥናት ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ሕዝቡን በያለበት መርምረው 316 ሕሙማን አገኙ። ይህም ከ1000 ሰው 5.2 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከእነዚህ መካከል ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 20ዎቹ ሞቱ። ዘጠኙን የገደላቸው ሳያቋርጥ የተደጋገመ መንዘፍዘፍ ሲሆን፣ አንዱ የሞተው በቃጠሎ ነው።

ከእነዚህ ግልጽ ምክንያቶች ሌላ ግን ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀ የሞት ዓይነት አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ማኬንዚ ቤከን በሚጥል በሽታ ስለሚመጡ የሞት መንገዶች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር። ይሁን እንጂ ድንገተኛው ሞት የጠራ ትርጓሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሟቹ አደጋ ሳይደርስበትና ውኃ ሳይወስደው በድንገት ከሞተ፣ የአስከሬን ምርመራም ሌላ ምክንያት ካላገኘ፣ ሞቱ ከዚህ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሆስፒታል ክትትል ላይ ሳሉ የሞቱ ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ፣ ከከባድ መንዘፍዘፍ በኋላ በቅድሚያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎም ልብ እንደሚቆም አሳየ። አብዛኞቹም የሞቱት ሌሊት፣ በሆዳቸው እንደተኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የወጣ የሕክምና መመሪያ በዓመት ከ1000 አዋቂ ሕሙማን አንዱ በዚህ መንገድ እንደሚሞት ይገምታል።

ትርጓሜው የአስከሬን ምርመራን ይጠይቃል። በገጠር ግን ሬሳ በማግስቱ አፈር ይለብሳል እንጂ ለምርመራ አይሄድም። ስለዚህ ድንገተኛው ሞት እጅግ በሚያሰጋበት፣ መድኃኒትም በማይደርስበት ሥፍራ፣ ሟቹ ሳይቆጠር ይቀራል።

ሞያሌን ለሁለት የከፈለው ድንበር በዚህ ነገር ልዩነት አላመጣም። በኬንያ ጠረፍ በኪሊፊ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከስድስት እጥፍ በላይ ለሞት እንደሚጋለጡ አረጋግጧል። መድኃኒትን በአግባቡ አለመውሰድም ለሞቱ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ፌኖባርቢታል ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን ዋጋው ርካሽ ነው። ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የተዘረጋው አገልግሎት፣ የሠለጠኑ ነርሶች ይህን መድኃኒት እየሰጡ ሕሙማንን መከታተል እንደሚችሉ አሳይቷል። የድንገተኛው ሞት ትልቁ አጋላጭ የከባድ መንዘፍዘፍ መደጋገም በመሆኑ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ሕይወትን ይታደጋል። የወደቀውንም ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተትና እስኪነቃ አጠገቡ መቆየት ከክብሪት ጭስ ይሻላል። በቦሪም ሆነ በቡታጅራ «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ የሚቀበረው ሁሉ ቀኑ የደረሰ አይደለም፤ መድኃኒቱ ያልደረሰለትም አለበት።