ከአክሱም እስከ ኦቾሎ፤ በመዳብ ላይ ተቀርጸው ስለ ታተሙ የከተማ ሥዕሎች ምስክርነት

የአገራችንን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የጥንት ከተሞችን መልክ ለማየት ሲፈልግ ዘወትር የሚያገኘው የውጭ አገር መንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ የገቡትን ሥዕሎች ነው። እነዚህን ሥዕሎች እንደ ጽሑፍ ሰነድ መርምሮ የሚቀበላቸው ግን ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሥዕሎቹ ምን ያህል ሊመሰክሩ እንደሚችሉ፥ ምስክርነታቸውም ከየት ላይ እንደሚያበቃ ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የእንግሊዛዊው የሄንሪ ሶልት ሥራ ነው። ሶልት በለንደን ከጆሴፍ ፋሪንግተንና ከጆን ሆፕነር ዘንድ የሥዕል ትምህርት የተማረ ሰው ሲሆን፥ ሎርድ ቫለንሺያን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በ1805 ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ትግሬው ገዥ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ በተላከ ጊዜ አክሱምን ጎበኘ፤ በንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ ያለውን የግሪክ ጽሕፈትም ገለበጠ። በ1809 ከቅድስት ሄለና ደሴት እስከ ግብፅ ያሉ አገሮችን የሚያሳዩ 24 ሥዕሎቹ በለንደን በአንድ ትልቅ መድበል ታተሙ። ከእነዚህ አንዱ የአክሱም ሐውልት ነው።

መድበሉ የሶልትን ስም ይያዝ እንጂ በመዳቡ ላይ የቀረጹት ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። የአሠራሩም ሥርዓት እንዲህ ነው። በመዳብ ሰሌዳ ላይ የደቀቀ ሙጫ ተነስንሶ በእሳት ሙቀት እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ከዚያም ሰሌዳው በአሲድ ይነከራል። አሲዱ በሙጫው ቅንጣቶች መካከል ያለውን መዳብ ይበላዋል። ብዙ ጊዜ የተነከረው ክፍል ብዙ ቀለም ስለሚይዝ ይጠቁራል፤ ጥቂት የተነከረው ይፈካል። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ሲታተም ግራው ቀኝ ስለሚሆን ቀራጩ አስቀድሞ ገልብጦ መቅረጽ አለበት። በመጨረሻም ወረቀቱ በእጅ በውሃ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ በፊታችን ያለው ሥዕል አገሩን ባየ አንድ ሰው ዓይንና አገሩን ፈጽሞ ባላዩ ሰዎች እጅ የተሠራ ነው። ሰማዩ፥ ጥላውና የሣሩ ቀለም የለንደን ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህም ሆኖ የሶልት ሥዕል ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ሐውልቱን ከአጠገቡ ካለው ትልቅ ዛፍ ጋር ያሳየናል፤ በዚያን ጊዜ የትኛው ሐውልት ቆሞ እንደ ነበረም ያስረዳል። ይህ ሐውልት ጣልያኖች በ1937 ወደ ሮማ ከወሰዱትና በ2008 በአክሱም እንደ ገና ከተተከለው ጋር መምታታት የለበትም። ሮማ የሄደው በሶልት ጊዜ ተሰባብሮ በመሬት ላይ የወደቀ ነበረ። እንግዲህ ሥዕሉ ስለ ዋናው ነገር ይታመናል፤ ስለ ዝርዝሩ ግን ከመንገደኛው ጽሑፍና ከቦታው ጋር መመሳከር ይገባዋል።

ከሶልት በኋላ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ በ1841 ከሜጀር ሃሪስ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ የሸዋን አገር ሣለ። ሥዕሎቹ በ1852 ሲታተሙ ግን የተሠሩት በመዳብ ሳይሆን በድንጋይ ኅትመት ነው።

እንግዲህ የደቡቡ አገር የት አለ? መንገደኞቹ የሚገቡት በምፅዋ ወይም በታጁራ ስለ ነበረ ሥዕሎቻቸው ከትግሬ፥ ከጎንደርና ከሸዋ ብዙ አልራቁም። ጣልያናዊው ቦተጎ በ1896 አባያ ሐይቅ ደርሶ በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም በሰየመው ጊዜ የመዳብ ቅርጽን ቦታ ፎቶግራፍ እየወሰደ ነበር። ስለዚህ ጋሞ ያ የሥዕል ዘመን አምልጦታል።

ነገር ግን ሥዕል የለውም ማለት ከተማ አልነበረም ማለት አይደለም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፥ አባያን ቁልቁል በሚያይ ዓለታማ ከፍታ ላይ የተሠራችውን ኦቾሎን እንመልከት። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የኦቾሎ የፖለቲካ ኑሮ የሚካሄደው ዱቡሻ በሚባሉት የሸንጎ አደባባዮች ነው። ሰዎች በዚያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ጉዳያቸውንም ይወስናሉ። ሶልትን የመሰለ ሠዓሊ ከሩቅ ቆሞ ኦቾሎን ቢስላት ኖሮ ዓለቱንና ቤቶቹን በሚገባ ያሳየን ነበር፤ ዱቡሻውን ግን ከተራ ሜዳ ለይቶ ባላወቀው ነበር። ከተማይቱን ከተማ ያደረገው ነገር ከሩቅ የሚታይ ሐውልት ሳይሆን ሰው የሚሰበሰብበት ቦታና የሚነገርበት ሥርዓት ነውና።

ከዚህ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። የታተሙ ሥዕሎችን ብቻ የምንከተል ከሆነ የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ መንገደኞች ያለፉባቸው ከተሞች ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከጋሞ አገር የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን ዱቡሻዎቹን ለክተን ብንነድፍ፥ እያንዳንዱ መቀመጫ የማን እንደሆነም ሽማግሌዎቹን ጠይቀን ብንጽፍ፥ ሶልት ለአክሱም ካደረገው ያላነሰ ሥራ ይሆናል። ድንጋዩ ይቆየን ይሆናል፤ የድንጋዩን ትርጉም የሚያውቁት አባቶች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።